ሃያ ሳቅ ተኩል

በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረ። ግድቡ ጎደለ። ግድቡ ሲጎድል መብራት በተራ ሆነ፤ ለአንድ ሰፈር በቀን አንድ ሰዓት ብቻ። ወፍጮ ቤቱ ተራ በደብተር ይመዘግብ ጀመር። ልብስ ሰፊዎች ወደ እግር መኪና ተመለሱ። ዳቦ ቤቱ ግማሹን ሠራተኛ አሰናበተ፤ የቀረው ግማሽ የሁለቱን ሥራ እየሠራ በተሰናበቱት ይቀና ነበር።

እንዲህ ባለ ክፉ ጊዜ አንድ ከተማ ትልቁን ጥያቄ ማንሳት አለበት። ይህም ከተማ አነሳ። ጥያቄው ውሃ ከየት ይምጣ የሚል አልነበረም፤ እሱንማ ማንም ተራ ሰው ያነሳዋል። ጥያቄው ባለካባው በሁለተኛው ፊልም ላይ መሳቅ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚል ነበር።

ባለካባው ማለት ካባ ለብሶ የሚበር፣ የሚወድቅ ሕንፃ በትከሻው የሚደግፍ፣ ወንበዴን በአንድ ጥፊ የሚያስተኛ የፊልም ጀግና ነው። በመጀመሪያው ፊልም ጥርሱ አንድ ጊዜ እንኳ አልታየም። ፊልሙ ሲጀምር ይዘንባል፤ ሲያልቅም ይዘንባል። ከተማው ለሐዘኑ ይሁን ለዝናቡ ሲል እንደወደደው እስከ ዛሬ አልተጣራም። ሁለተኛው ሊመጣ ሲል ግን ወሬ ቀደመው፤ "ይሄኛው ቀለል ያለ ነው፤ ቀልድ አለበት" ተባለ። ግማሹ ሰው ደስ አለው። ግማሹ ደረቱን ያዘ።

የሲኒማ ቤቱ አጫዋች ይህን ሁሉ ከላይ፣ ከማሽን ክፍሉ፣ በአንዲት ቀዳዳ ያይ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያች ቀዳዳ አይቷል። ወንደላጤ ነው። ከአፉ ቃል ማውጣት መንጋጋ ከመንቀል አይተናነስም። አንዲት ታናሽ እህት አለችው፤ ልብስ ሰፊ፣ ሳቂታ። ባሏ የውሃ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው፤ እሱን ሲስቅ ያየ ሰው የለም። ፊልሙ የመጣ ጊዜ ሁለቱን ልጆቻቸውን የሚጠብቅ ሰው ስላልነበረ ባልና ሚስት ተራ ገቡ። እሷ ቅዳሜ፣ እሱ እሁድ።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። የሲኒማ ቤቱ ሰፈር መብራት የሚያገኘው ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ነው። ባለቤቱ ይህን ሒሳብ ያውቃል። "አንዳንዴ ማጥፋቱን ይረሱታል" ብሎ ትኬት ሸጠ።

አልረሱትም። ቅዳሜ ልክ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ ባለካባው አባቱን ቀብሮ፣ ካባውን አውልቆ፣ ራሱን ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ሲወረውር መብራቱ ድርግም አለ።

ባለቤቱ ይቅርታ ሊጠይቅ ፋኖስ ይዞ ገባ። ሰው ግን አልተንጫጫም። ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ከፊት ወንበር ጡረተኛው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ቀስ ብለው ተነሡ።

"መጨረሻ ማለት እንዲህ ነው!" አሉ። "ወደቀ። ጨለመ። አለቀ። የቀረው ለአስተዋይ የተተወ ነው።"

ከዚያ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ አስተዋይ ያልሆነ ሰው አልተገኘም። ሦስት መቶ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ባለቤቱ ፋኖሱን ወደ ጀርባው ደብቆ እጅ ነሣ።

እሁድ አጫዋቹ ፊልሙን ወደ መጀመሪያው ሊመልስ ሲል ባለቤቱ እያለከለከ ደረጃውን ወጣ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ከመጀመሪያው ልጀምር።"

"መጀመሪያውንማ ትናንት አሳየን። ከቆመበት ቀጥል።"

"የዛሬዎቹ ሌሎች ሰዎች ናቸው።"

"የትናንቶቹስ አማረሩ?"

"አላማረሩም።"

"እንግዲያስ! በግማሽ የሚያጨበጭብን ሰው በሙሉ ማጥገብ ብልግና ነው።"

ስለዚህ የእሁድ ተመልካች መጀመሪያ ያየው ባለካባው ከጉድጓድ ሲወጣ ነው፤ ራሱ ላይ ዳክዬ ተቀምጣ። ከዚያች ደቂቃ ወዲያ ዳክዬዋ አልለቀቀችውም። ከወንበዴ ሲታገል ወንበዴውን ትነክስለታለች፤ ሲበር ትቀድመዋለች። ባለካባው አርባ አንድ ጊዜ ሳቀ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊም ሳቀ። አጫዋቹ በቀዳዳው አይቶ የእህቱ ባል መሆኑን ለማመን ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

ጸሐፊው ቤቱ ሲደርስ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ "ያቺን ዳክዬ አየሻት?" አለ።

"የምን ዳክዬ?" አለች ሚስቱ። ዓይኗ ከትናንት ለቅሶ አልሰከነም።

"የባለካባው ናታ!"

"ሰውየው አባቱ ሞቶበት አንተ ስለ ዳክዬ ታወራለህ?"

"የማን አባት ሞተ? ሲስቅ ነው የዋለው።"

"እኔ የሳቀ ሰው አላየሁም።"

"እኔ አርባ አንድ ጊዜ ቆጥሬያለሁ።"

"ሳቅ የሚቆጥር ሰው ደግሞ ስለ ሳቅ ሊያስተምረኝ!"

ያን ሳምንት ልጅ ጠባቂ ባጣ ቤት ሁሉ እንዲህ ተባለ። እስከ ሐሙስ ከተማው ለሁለት ተከፍሎ አደረ። የቅዳሜዎቹ ቁምነገረኞች ተባሉ፤ የእሁዶቹ ፍልቅልቆች። ፊልሙ ሰኞ ወደ አከራዩ ተመልሷልና ሄዶ የሚያይ አልነበረም። ይህም ለክርክሩ እጅግ ጠቀመ።

አጫዋቹ ወደ ባለቤቱ ገባ።

"እንንገራቸው።"

"ምን ብለን?"

"ግማሽ ግማሽ ነው ያያችሁት ብለን።"

"ግማሽ ትኬት መልሱ ይሉናል። የዚያን ቀን አንተም ቀዳዳህን ትተህ መንገድ ላይ ቆመህ አላፊ አግዳሚውን ታያለህ። ገባህ?"

ገባው። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሌላ ሥራ አያውቅም። ወደ ቀዳዳው ተመለሰ።

ባለቤቱ አርቆ አሳቢ ነበር። መብራት የለም፣ ፊልም የለም፣ አዳራሽ ግን አለ። ክርክር ደግሞ መብራት አይፈልግም። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መስኮቶቹን ከፍቶ ሕዝቡን በመግቢያ ዋጋ አስገባ። በሦስተኛው ሳምንት "የባለካባውን ክብደትና ቅለት አጣሪ ጉባኤ" ተመሠረተ። ዳይሬክተሩ ሰብሳቢ ሆኑ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ በሙያው ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆነ።

"ክቡር ሰብሳቢ" አለ ሥጋ ሻጩ፣ "ጀግና የሚስቅ ከሆነ እኔና እሱ በምን ተለየን?"

"በመብረር!" አለ አንዱ ፍልቅልቅ ከኋላ።

"ዝም በል፣ የዳክዬ ዘመድ!"

ልብስ ሰፊዋ ተነሣች። "እኔ የተማርኩ አይደለሁም። ልብስ ግን አውቃለሁ። ካባውን አውልቆ ነው የወደቀው። እነዚህ ካባ ለብሶ ሳቀ ይላሉ። ማን ሰፍቶ ሰጠው?"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጸሐፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ "ተናጋሪዋ ከቃለ ጉባኤ ያዡ ጋር በጋብቻ የሚዛመዱ በመሆናቸው ምስክርነታቸው በጥንቃቄ ይታይ" ብሎ ጻፈ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎም አነበበው።

ጉባኤው አራት ወር ከመከረ በኋላ ታሪካዊ ውሳኔውን አወጣ። እንዲህ ይላል፦ "የቅዳሜ ምስክሮች ባለካባው አንድም ጊዜ አልሳቀም ሲሉ በመሐላ አስረድተዋል። የእሁድ ምስክሮች አርባ አንድ ጊዜ ሳቀ ሲሉ በመሐላ አስረድተዋል። እውነት ዘወትር መሐል ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ባለካባው ሃያ ጊዜ ተኩል እንደሳቀ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ግማሿ ሳቅ ምን ዓይነት እንደሆነች የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ተሰይሟል።"

ጸሐፊው ውሳኔውን ለማስፈረም ወደየአባሉ ቤት ዞረ። የራሱን ቤት መጨረሻ ላይ አደረገ።

"እዚህ ጋ ፈርሚ።"

"ምን ብዬ?"

"ሃያ ሳቅ ተኩል።"

"ግማሿን እንኳ አልፈርምም።"

"እኔ ሃያ ተኩሉን ትቼ አይደለም እንዴ የመጣሁት? አንቺ ሃያ መቀበል እንዴት ያቅትሻል?"

"አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ሳቅ ነፍገኸኝ፣ ዛሬ ሃያ በወረቀት ታመጣልኛለህ?"

ማግስቱን የእግር መኪናዋን በጋሪ አስጭና፣ ሁለቱን ልጆች ይዛ ወንድሟ ዘንድ ገባች። ወንድሟ ያለው አንድ ክፍል ነው። አልጋውን ለእሷና ለልጆቹ ለቀቀ። እሱ ከስፌት መኪናው ሥር ተኛ፤ እግሩን ለመዘርጋት ፔዳሉ ስለማይፈቅድ አጥፎ። እህቱ ቀን ቀን ትሰፋለች። ድሮ ስትሰፋ ታንጎራጉር ነበር፤ ለብቻዋም ትስቅ ነበር። አሁን የሚሰማው መርፌው ብቻ ነው። አጫዋቹ ያዳምጣል። ያንን ዝምታ ማን እንዳመጣው እሱ ያውቃል።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል ዝናቡ መጣ። ግድቡ ሞላ። መብራቱም ሙሉ ቀን ሆነ። ባለቤቱ ፊልሙን ዳግመኛ ተከራየ።

"ቅዳሜ የመጀመሪያውን ግማሽ፣ እሁድ ሁለተኛውን" አለ። "ለምደውታል። አሁን ደግሞ ሁለቱንም ቀን ይመጣሉ።"

አጫዋቹ ራሱን ነቀነቀ። ቤቱ ሄዶ እህቱን፣ "ቅዳሜ ነይ" አላት።

"ልጆቹስ፣ ወንድም ጋሼ?"

"እኔ ጋ፣ ማሽን ክፍል ይቀመጣሉ።"

ከዚያ ወደ መዝገብ ቤቱ ሄደ። ለእህቱም ባል፣ "ቅዳሜ ና" አለው።

"እኔ እኮ የእሁድ ሰው ነኝ፣ ጋሼ።"

"ቅዳሜ ና አልኩህ።"

ሃያ ስድስት ዓመት አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ሲናገር ተሰምቶ አያውቅም። ጸሐፊው መጣ።

ቅዳሜ አጫዋቹ የማሽን ክፍሉን በር ከውስጥ ቀረቀረ። ፊልሙ ተጀመረ። ፍልቅልቆቹ ወዲያው "ይህ ሐሰተኛ ፊልም ነው! ዳክዬዋ የታለች?" ብለው ጮኹ። ቀስ በቀስ ግን ጩኸቱ ሞተ። የባለካባው አባት ሲሞት ጸሐፊው መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አላደረገውም።

ጀግናው ራሱን ወደ ጉድጓድ ወረወረ። ቁምነገረኞቹ እንደ አንድ ሰው ተነሥተው አጨበጨቡ። ዳይሬክተሩ ወደ በሩ አመሩ። መብራቱ ግን አልጠፋም። ጉድጓዱ ተናወጠ፤ ዳክዬዋ ወጣች፤ ከሥሯ ባለካባው።

"አጥፋው!" ባለቤቱ በሩን በጡጫ ይደበድባል። "ግማሽ ነው የሸጥኩት! አጥፋው አልኩህ!"

አጫዋቹ ከቀዳዳው ዓይኑን አልነቀለም። ታች ቁምነገረኞች እጃቸውን ለጭብጨባ እንዳነሡ ደርቀው ቆመዋል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንዲት ሴት ሳቀች። እህቱ ነች። ባሏ በእንባ ዓይኑ ዞሮ አያት። መተላለፊያውን አቋርጣ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ስንት ደረሰ?" አለችው።

"ተይኝ" አለ አፍንጫውን እየጠረገ። "አልቆጥርም።"

ፊልሙ አለቀ። ሕዝቡ እርስ በርሱ መተያየት ስላፈረ ጣሪያውን ያይ ጀመር። አንድ ሰው ይቅርታ ሊል ነው የሚያሰኝ አስፈሪ ደቂቃ አለፈ። ዳይሬክተሩ ደረሱለት።

"ከመነሻው እኛ ያልነው ይህንኑ ነው" አሉ።

"እኛም!" አሉ ፍልቅልቆቹ።

ጉባኤው እዚያው ተቀምጦ የመጨረሻ ውሳኔውን ሰጠ፦ ፊልሙ ሐዘንም ሳቅም እንዳለው ጉባኤው አሥራ አንድ ወር ሙሉ ሲያስተምር ቆይቷል፤ አጫዋቹ ግን ፊልሙን ሳያቋርጥ በማሳየት ሕዝቡን የመከራከሪያ ጊዜ ነፍጎታልና ጥፋተኛ ነው። ባለቤቱ ውሳኔውን በማክበር የስንብት ደብዳቤውን በዚያው ዕለት ጻፈለት።

እሁድ ጠዋት ጸሐፊው ሚስቱን፣ ልጆቹንና የስፌት መኪናውን ሊወስድ በጋሪ መጣ።

"ጋሼ፣ ታውቅ ነበር እንዴ?"

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዚያ እሁድ ጀምሮ።"

"አሥራ አንድ ወር! ታዲያ ለምን አልነገርከንም?"

"ሥራዬን ፈራሁ።" የስፌት መኪናውን ከግድግዳው ሳብ አደረገ። "ደግሞም በየሐሙሱ በማሽን ክፍሌ በር ሥር ነበር የምታልፉት። ፊልሙን ሙሉ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። አንድም ሰው አልጠየቀኝም።"

ጸሐፊው ቆም ብሎ ብዕሩን ከኪሱ አወጣ። "ይሄ እንኳ ቃለ ጉባኤ ላይ መያዝ ነበረበት..."

"ብዕርህን መልስና መኪናውን በዚያ በኩል ያዝ" አለችው ሚስቱ።

ሄዱ። ሳቋ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ይሰማ ነበር። በጋሪው አጠገብ ሁለት ጎረምሶች "ሦስተኛው ሊመጣ ነው፤ እሱ ከባድ ነው አሉ" እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ አለፉ።

አጫዋቹ በሩን ዘጋ። ለእህቱ ግማሽ ፊልም ነበረበት፤ ለባሏ ግማሽ። ከፈለ። አልጋው ላይ ወጥቶ በስድስት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩን እስከ ጫፍ ዘረጋ። ከዚያም ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ንዑስ ኮሚቴው ያን ሁሉ ጊዜ ሲፈልጋት የከረመች ግማሽ ሳቅ ይህችው ሳትሆን አትቀርም። አሁንም ግን መጥቶ የጠየቀው የለም።