ውሃ የማይቀዳበት ገንቦ

ውሃ የማይቀዳበት ገንቦ የሚሠራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ አየሁ። ልጄን አልማዝን ሸክላ የምታስተምራት ህንዳዊት ናት። አባቷ ለመንደሩ የውሃ እንስራ ይሠራ ነበር አሉ፤ እሷ ግን ገንቦዋን መብራት ሥር ደርድራ «አትንኩ» ትላለች። ገንቦ ነው ወይስ ሙሽራ?

ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ነኝና የልጅ ልጄን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ከአልማዝ ጋር ሴትዮዋ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ሴትዮዋ ገለጥ አድርጋ አየችውና አንድ ነገር አለች።

«ምን አለች?»

«ቆንጆ ልጅ ነው አለች፣ እማዬ።»

«ወይኔ፣ በላችው!»

ዓይኗን ልሸሽ ዞር ስል ጥጉ ላይ የተኛውን ሕፃኗን አየሁት። ፈጥና አነሳችውና ጉንጩ ላይ ጥቁር ኩል ቀባችው።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ከቡዳ መጠበቂያ ነው አለች። አንቺን ፈርታ ነው።»