ሰው ሳይሞላ አይጀመርም

ሦስት ሰዎች አንድ ላይ ቆመው ካየ ሊቀመንበርና ጸሐፊ ሳያስመርጥ የማያልፍ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አለ ከተባለም ያ ሰፈር ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማንም አይሾመውም፣ ማንም አይለምነውም፤ ሲወለድ ራሱ አዋላጇን «ሰው ሞልቷል?» ብሎ ጠይቆ የወጣ ይመስላል። በጃንሆይ ዘመን፣ ከመሳለሚያ ወደ መርካቶ ሲገባ ባለው ሰፈር፣ ይህ ሰው ገመድና ጆንያ ሻጩ ጋሼ ቦጋለ ነበሩ።

ሙሉ ማዕረጋቸው ሲጠራ ክቡር የእድሩ ዳኛ፣ የቦኖ ውሃ ሰልፍ ሊቀመንበር፣ የጎርፍ ቦይ ጠራጊዎች የበላይ ተቆጣጣሪ ነው። ከእድሩ ዳኝነት በስተቀር ሌላውን የሰጣቸው የለም። አንድ ክረምት መሳለሚያ ላይ አንድ የጭነት መኪና ጭቃ ይዞት መንገደኛው ሊገፋ ሲሰበሰብ፣ ጋሼ ቦጋለ እጃቸውን ዘርግተው «ቆዩ እስቲ፣ መሪያችሁ ማን ነው?» አሉ። ሊቀመንበር ተመረጠ። ጸሐፊ የተባለው ከሰል ሻጭ አልችልም አለ፤ ተለመነ፤ እሺ አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሾፌሩ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገብቶ መኪናውን አውጥቶ ሄዷል። ኮሚቴው ግን አልፈረሰም። ከሁለት ዓመት በኋላ እንኳ ጋሼ ቦጋለ ከሰል ሻጩን ባገኙት ቁጥር «ጸሐፊ፣ ቃለ ጉባኤው የት ደረሰ?» ይሉት ነበር።

ከአፋቸው የማትጠፋ አንዲት ቃል ነበረቻቸው፦ «ሰው ሳይሞላ አይጀመርም።» የእድር ስብሰባ ላይ ስም እየጠሩ አንድ ሰው ከቀረ፣ ያ ሰው እስኪመጣ ወይም የቀረበት ምክንያት እስኪታወቅ ድረስ ጉባኤው ጉልበቱን አቅፎ ይጠብቃል። ባለቤታቸው እትዬ ሸዋገነት ለጎረቤት ሲያወሩ፣ «ቤቴም እንደዚያው ነው» ይላሉ። «ምሳ የሚበላው ስም ተጠርቶ ነው። ልጅ አልሰጠንም፤ ያለነው እኔና እሱ ነን። ‘ሸዋገነት’ ይላል፣ ‘አቤት’ እላለሁ። ከዚያ እሱን እኔ እጠራዋለሁ። ጠሪ ራሱን አይጠራም ይላል፤ ደንብ ነው አሉ።» ጎረቤት ይስቃል፤ እትዬ ሸዋገነትም አብረው ይስቃሉ።

ከጋሼ ቦጋለ አጥር ወዲያ የአንድ ኮሌጅ የተማሪዎች ማደሪያ ነበር፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆች ተደራርበው የሚያድሩበት አሮጌ መጋዘን። አስናቀው ከእነሱ አንዱ ነው። ጎጃም ያሉት አባቱ ገና ሳይመረቅ «መምህር አስናቀው» እያሉ በየቤተ ዘመዱ ስሙን ማንሳት ጀምረዋል። እሱ ደግሞ ሂሳብ ወድቋል።

አንድ የሰኔ ቀን ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን አጥቦ አጥሩ ላይ ሲያሰጣ የጋሼ ቦጋለ ራስ ከወዲያ ማዶ ብቅ አለ።

«አንተ ልጅ፣ ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

«ምንም አይደል ጋሼ።»

«ምንም ነገር ፊት አያጠቁርም።»

አስናቀው ለማንም ያላወራውን ለአጥሩ አወራ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ የማሟያ ፈተና አለ። ያን ካላለፈ ከኮሌጁም ከማደሪያውም ይወጣል፤ ከወጣ አዲስ አበባ ውስጥ ጎኑን የሚያሳርፍበት የለውም፤ አገሩ እንዳይገባ ደግሞ አባቱን በምን ዓይኑ ያያቸዋል።

«ብቻህን ነህ?»

«የወደቅነው አሥራ አንድ ነን።»

«ሊቀመንበራችሁ ማን ነው?»

«ሊቀመንበር የለንም ጋሼ።»

ጋሼ ቦጋለ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታዲያ እንዴት አትወድቁ» አሉ።

በሁለት ቀን ውስጥ ነገሩ ተደራጀ። ሊቀመንበሩ ራሳቸው ጋሼ ቦጋለ፣ ጸሐፊው ያው ከሰል ሻጩ ሆኑ። አስተማሪ ተገኘ፤ ሙደሲር የሚባል፣ ከወሎ የመጣ የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ የሚማር። «የሚከፈልህ የለም፣ እነሱም የሚከፍሉት የለም» አሉት። «በነጻ ስለሆነ ግን መቅረት ያስቀጣል። የቀረ ሦስት ባልዲ ውሃ ከቦኖ ይቀዳል፤ አንተም ጭምር።» ሙደሲር ሳቁን ውጦ እሺ አለ። በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ ተባለ።

ቦታው አስቸገረ። መጋዘኑ ውስጥ ከአልጋ በቀር ቦታ የለም፤ ስለዚህ ጋሼ ቦጋለ የእድሩን ድንኳን ጠየቁ። የእድሩ ሽማግሌዎች ተቆጡ፤ ድንኳን ለሐዘን ነው አሉ። ዳኛው ደንቡን ገልጠው፣ «እዚህ ላይ ‘ለእድርተኛ ችግር’ ይላል እንጂ ‘ለእድርተኛ ሬሳ’ አይልም» አሉ። ልጆቹ እድርተኛ አይደሉም የሚል ተነሣ። «ከትናንት ወዲህ ናቸው። መዝግቤያቸዋለሁ።» ድንኳኑ ተፈቀደ።

ሁሉን አስበው አንድ ነገር ረሱ። ሰው ለመጥራት የሚያውቁት አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም ሰው ሲሞት ሰፈሩን የሚዞረው የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነው። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ላኩት። ሰውዬው «የሂሳብ ትምህርት» የሚለውን መንገድ ላይ ጣለውና የለመደውን ብቻ ይዞ ዞረ፦ «እድርተኛ ሆይ፣ በተማሪዎች ማደሪያ ግቢ ድንኳን ይተከላልና እንዳትቀሩ።»

አስናቀው ግቢው ውስጥ ፊቱን እየታጠበ ነበር። ጭጋጉ ገና አልተነሣም። በጭጋጉ ውስጥ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች አንድ በአንድ እየታዩ፣ ድምፅ ሳያሰሙ በበሩ ገቡ፤ ሕልም ሕልም አለው። ከፊት የመጡት ሰፈሩ ሁሉ እቴቴ የሚላቸው አሮጊት ናቸው። መሬት ላይ ቁጭ ብለው ደረታቸውን እየመቱ፣ «እናትህ ሳታይህ፣ አገርህ ሳትገባ፣ የሰው አገር ቀረህ ልጄ» ብለው አለቀሱ። ተማሪዎቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው ወጡና የሞተው ከመካከላቸው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ራሳቸውን ቆጠሩ። አንድም የጎደለ የለም።

እቴቴ አልቅሰው ሲወጣላቸው ዓይናቸውን ጠርገው «ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?» ብለው ጠየቁ።

«ማንም አልሞተም እቴቴ» አለ ጎበዜ፣ የአስናቀው የአልጋ ጎረቤት። «ማታ ሂሳብ ልንማር ነው።»

እቴቴ ጥቂት አሰቡ። «እግዚአብሔር ይመስገን። ንፍሮው ግን ተቀቅሏል፤ ማታ ይዘን እንመጣለን።»

ሁሉም ሳቀ፤ አስናቀው ግን መሳቅ አልቻለም። እኚህ አሮጊት ስሙን አያውቁም፣ መልኩን አይለዩም፤ የሰው አገር ለቀረ ልጅ ከአንጀታቸው አለቀሱ። ለቅሶው ለእሱ የተለቀሰ መሰለው። እንዲህ ተለቅሶልኝ፣ ድንኳን ተተክሎልኝ፣ ከዚያ መልሼ ብወድቅስ? አለ ለራሱ። ያንን ኀፍረት ከሚሸከም ሳይፈተን መሄድ ቀለለው። ከሰዓት በኋላ ከእትዬ ሸዋገነት ገመድ ገዝቶ ሳጥኑን አሰረ። ሊነጋጋ ሲል አውቶቡስ ተራ ይደርሳል፤ ጎጃም እስኪገባ አባቱን የሚላቸውን ያስባል።

ማታ አልጋው ላይ ተከናንቦ ተኛ። ውጭ የሰኔ ዝናብ ካፊያውን ጀምሯል። የመርካቶ ሱቆች ሳንቃቸውን እየዘጉ ነው፤ ኳኳታው ራቅ ራቅ እያለ ሄዶ ጠፋ፤ የአንድ ጋሪ ፈረስ ኮቴ ብቻ ቀረ፤ እሱም ጠፋ። ማሾ ሲለኮስ እሽታው ተሰማውና በመስኮቱ በኩል የድንኳኑ ነጭ ብርሃን ግድግዳው ላይ ወጣ። አስናቀው በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኖ የጋሼ ቦጋለን ድምፅ ሰማ።

«አሸብር ወልዴ።»

«አቤት።»

«ጠሀ ኑሩ።»

«አቤት።»

«ጎበዜ ተሰማ።»

«አቤት።»

«አስናቀው ይርጋ።»

ዝናቡ ድንኳኑን መታ።

«አስናቀው ይርጋ።»

ሙደሲር «ጋሼ፣ እንጀምር፣ ጊዜው እየሄደ ነው» ሲል ተሰማ።

«ሰው ሳይሞላ አይጀመርም።»

አስናቀው አሁን ይጀምራሉ፣ አሁን ይተዉኛል ብሎ ጠበቀ። የንፍሮ ሰሐን ሲቀባበሉ ሰማ፤ አንድ ሰው አሳለው፤ ማሾው እሽ ይላል። በየመካከሉ ጋሼ ቦጋለ ሳይቆጡ፣ ሳያፈጥኑ፣ ገና የመጀመሪያቸው እንደሆነ ሁሉ «አስናቀው ይርጋ» ይላሉ። በአዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሲኖር ስሙን እንዲህ አድርጎ የጠራው ሰው አልነበረም። የእናቱ ድምፅ መሰለው፣ ከብት ሲመለስ ከጉብታው ላይ የምትጣራው። አሥሩ ጓደኞቹ፣ እነሱም ፈተና ያለባቸው፣ ለእሱ ሲሉ ተቀምጠዋል። እኔ መሄዴ ነው፣ እነሱ ግን እንዲጀምሩ አቤት ብዬ ልመለስ ብሎ ተነሣ። እግሩ ጭቃውን እየረገጠ ድንኳኑ በር ላይ ደረሰ።

«አቤት» አለ።

ጋሼ ቦጋለ ቀና አሉ። «የት ነበርክ?»

«ተኝቼ።»

«ደግ። የተኛ ይነቃል። ጸሐፊ፣ ተገኝቷል በል። ጀምር ሙደሲር።»

መመለሻ አጣ፤ አግዳሚው ላይ ቦታ ትተውለት ነበርና። ሙደሲር ዙሪያውን አይቶ ገመድ ጠየቀ። ገመድ ነጋዴው ሊቀመንበር ኪሳቸውን ዳሰሱ፤ ሱቃቸው ተቆልፏል። አስናቀው ሮጦ ከሳጥኑ ላይ ገመዱን ፈትቶ አመጣ። ሙደሲር ገመዱን በድንኳኑ ምሰሶ አራት ክንድ ከፍታ ላይ አሰረና ከምሰሶው ሥር ሦስት ክንድ ርቆ መሬት ላይ ወጠረው። «ቁመቱ አራት፣ መሠረቱ ሦስት። ገመዱ ስንት ነው?» አለ። አስናቀው ተነሥቶ በክንዱ ለካ። አምስት። ሙደሲር ለምን አምስት እንደሆነ፣ ለምን ከአምስት በቀር ሌላ ሊሆን እንደማይችል በቀስታ ነገራቸው። መጽሐፉ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ያፈጠጠበት ሥዕል፣ ገመድና ምሰሶ ሆኖ፣ ዝናብ እየዘነበበት ፊቱ ቆመ። አስናቀው በጣም ደስ አለው።

«ይሄንንማ ድንኳን የተከለ ሁሉ ያውቀዋል» አሉ እቴቴ፣ ንፍሯቸውን እያላመጡ። «ገመድ ካጠረ ይወድቃላ።»

ትምህርቱ ሲያበቃ ጋሼ ቦጋለ ገመዱን አንሥተው በጣታቸው አሹት። «ይሄ የእኔ ገመድ ነው። መቼ ገዛህ?»

«ዛሬ።»

«ለምን?»

አስናቀው መሬት መሬት አየ። ጋሼ ቦጋለ ጭቃ የነካ እግሩን አዩ፣ መጋዘኑን አዩ፣ ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ጻፍ። አንድ ገመድ ከአባል አስናቀው ይርጋ ለእድሩ ተሰጥቷል። የእድር ንብረት ስለሆነ ከድንኳኑ አይወጣም።» ሳጥኑም ሳይታሰር ቀረ።

ሦስት ሐሙስ እንዲህ አለፈ። ሦስቱንም ጋሼ ቦጋለ ስም ጠሩ፤ የቀረ አልነበረም። ከፈተናው በኋላ ውጤት ሲለጠፍ ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ አለፉ። የመጨረሻው አላፊ፣ በሁለት ነጥብ ለጥቂት የተረፈው፣ አስናቀው ይርጋ ነበር። ወረቀቱ ሥር ቆሞ ስሙን ሦስት ጊዜ አነበበው።

ድንኳኑ ከመነቀሉ በፊት አንድ ሐሙስ ተጨመረ፤ ለምስጋና። ጋሼ ቦጋለ ለዚያ ማታ አስናቀውን ጸሐፊ አድርገው መዝገቡን አስረከቡት። «የወደቁትም ይጠሩ፤ እድር የወደቀ አይሰርዝም» ብለው፣ ከፊት አግዳሚው ላይ ከእትዬ ሸዋገነት ጎን ተቀመጡ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድንኳን ሲያስተክሉ፣ ጎርፍ ሲያስቀይሱ፣ ሽማግሌ ሲያግባቡ ከርመዋል። ንፍሮው ገና አንድ ዙር ሳይዞር አንገታቸው ዘመም አለ።

ሊበተኑ ሲል አስናቀው ስም ጠራ። አሥሩ አቤት አሉ፣ የወደቁት ሁለቱም ድምፃቸው ዝቅ ቢልም አሉ። እሱም ራሱን አልጠራም፤ ጎበዜ ጠራውና አቤት አለ። ሰው ሊነሣ ሲል አስናቀው መዝገቡ ግርጌ ላይ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም ያልጠራውን ስም በእጁ ጻፈና ቀና አለ።

«ጋሼ ቦጋለ።»

ሊቀመንበሩ በትንሹ ያንኮራፋሉ። እትዬ ሸዋገነት ሊቀሰቅሷቸው እጃቸውን አነሡ፤ የአስናቀውን ፊት ሲያዩ መልሰው አወረዱት።

«እሳቸውን እለፋቸው፣ መሽቷል» አለ ሙደሲር በሹክሹክታ።

«ሰው ሳይሞላ አይበተንም» አለ አስናቀው።

የተነሣው ሁሉ ተመልሶ ተቀመጠ። ዝናቡ ድንኳኑ ላይ እየወረደ፣ ማሾው እሽ እያለ፣ እቴቴ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ እየሰበሰቡ ሁሉም ጠበቀ። አስናቀው ሳይቆጣ፣ ሳያፈጥን፣ በየመካከሉ «ጋሼ ቦጋለ» ይላል። ስንት ጊዜ እንደጠራ አላስታወሰም።

በመጨረሻ ጋሼ ቦጋለ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ከሩቅ አገር እንደሚመለስ ሰው፣ «አቤት፣ አለሁ» አሉ፤ አንገታቸውንም አመቻችተው መልሰው ተኙ።

አስናቀው በስማቸው ትይዩ «ተገኝተዋል» ብሎ ጻፈ። መበተን ተፈቅዶ ነበር፤ ግን ለረጅም ጊዜ ማንም አልተነሣም።