አሥራ ሁለቱን ስድስቱ አዘላቸው

ጆሮም እንደ ሆድ ይርበዋል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አዋሽ ሰባት ኪሎ የሾፌር ሚስት ሆናችሁ ብትኖሩ ታምኑኝ ነበር። ባሎቻችን ከታች ከእርሻው ጥጥ ጭነው ወደ ባቡር ጣቢያው ሲመጡ፣ እኛ ገና አቧራው ሳይታይ የማን መኪና እንደሆነ በድምፁ እንለያለን። የኔ ሰይድ የጭነት መኪና ዳገቱ ላይ ሁለቴ ይስላል። ሳሉን ስሰማ የመታጠቢያ ውሃ እጥዳለሁ፤ ልጄ ዘሐራም መነጫነጯን ትተዋለች።

አንድ ጠዋት የእርሻው አለቃ እንግዳ የሆነ ፈረንጅ፣ መሬት የምትልስ የምትመስል ቀይ መኪና ይዞ ሆቴሉ በር ላይ ቆመ። የጋራዡ ሰው "ይቺ ባለ አሥራ ሁለት ሲሊንደር ናት፤ የባልሽ ባለ ስድስት ነው" አለኝ። ሲያስነሳትማ ምን ልበላችሁ፣ አንድ መስጊድ ሙሉ ሰው ባንድ አፍ አሚን ያለ መሰለኝ። ሳል የሚባል የለ! ሰይድ ይቺን ቢነዳ ቁርስ በልቶ ወጥቶ ለእራት ይመለስልኝ ነበር ብዬ ተመኘሁ። እሷ ወደ እርሻው ከነፈች።

ጥጥ ሊጭን ወደ እርሻው የወረደው ሰይድ ግን በቀኑ አልመጣም። በማግስቱም የለ። መንገዱ ላይ ጎርፍ አለ፣ ሽፍታ አለ፤ የሚስት ሆድ ደግሞ የሌለውንም ይጨምርበታል። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች፣ የባቡር ሠራተኛ ሚስት ናቸው፣ "አንቺ ልጅ፣ ጡትሽ እስኪደርቅ ነው የምትጨነቂው? ባቡርም እኮ ይዘገያል!" አሉኝ።

"ባቡር ሐዲድ አለው፤ የኔው ምን አለው?"

ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ዳገቱን ወጣ። አዳመጥኩ። አልሳለም። የሌላ ሴት ባል ነው ብዬ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

"አንቺ፣ ዛሬ ውሃም የለ?"

ሰይድ! በር ላይ! ከኋላው በጥጡ ፋንታ ቀይዋ መኪና የጭነት መኪናው ላይ በገመድ ታስራለች። እርሻው መንገድ ላይ፣ ከአዳይቱ ከተማ ወዲህ፣ አሸዋ ውጧት፣ እሷን ሲያወጣ ነው የቆየው። እንዳትጫርበት ብሎ ዳገቱን እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ቀስ ብሎ ስለወጣው ነው መኪናው ሳሉን የረሳው። እኔንና ዘሐራን ጭኖ እንኳ እንዲያ ነድቶ አያውቅም።

"አሥራ ሁለቱን ስድስቱ አዘላቸው!" ብለው እትዬ ዘነበች ሳቁ።

ቀይዋ በባቡር ወደ አዲስ አበባ ተጫነች። ከመጫኗ በፊት ፈረንጁ ሰይድን "አንዴ አስነሳት" ብሎት ነበር። አስነሳት፤ ያንን አሚን እሱም ሰማው።

ይኸው ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ አጠገቤ ይቀመጥና፣ ዘሐራን ጭኑ ላይ አድርጎ ጆሮውን ወደ መንገዱ ይጥላል።

"ምን ትሰማለህ?"

"ምንም።"

አልሀምዱሊላህ፣ ባሌ ቤቱ ገብቷል። ግን ያቺን "ምንም" ከኔ በላይ ማን ያውቃታል?