ቦምቦሊኖን ቀድሞ መቅመስ

ይህ በደል ይጻፍልኝ፤ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰው ቦምቦሊኖ የሚባለውን ጣፋጭ ለመቅመስ እኔን አሮጊቷን አስቀደመኝ።

ከሰው ጀርባ ሆኖ የሚደፍር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? «ግቡ እንጂ!» ይላል፤ እሱ ግን ደጁን አያልፍም። በእኛ ሰፈር የሚበዛው ይህ ዓይነቱ ነው።

ለጣሊያን ዳቦ ጋጋሪ ሲሠራ የቆየ ከሐርቡ የመጣ አንድ ሰው ሰፈራችን ውስጥ ሱቅ ከፈተ። ሊጡን በዘይት እየጠበሰ «ቦምቦሊኖ!» ብሎ ይጣራል። የጣሊያን አውሮፕላን ቦምብ ጥሎ ሰፈራችንን ካነደደ ገና ሁለት ክረምት ነው፤ ታዲያ ምግብ በቦምብ ስም ይጠራል? ጎረቤቴ ዘሀራ «እማማ፣ እርስዎ ይግቡ፤ እኛ ከኋላዎ አለን» አለችኝ። እኔ በቦምቡ ዕለት ፈርቼ አልጋ ሥር ተደብቄ የዋልኩ ሴት ነኝ፤ ይህን ግን ለማን እነግራለሁ?

ገባሁ። ዘይቱ ቸስ ባለ ቁጥር ልቤ አብሮ ይዘላል። ባለሱቁን «መጀመሪያ አንተ ቅመስ» አልኩት፤ ያቀረበ ይቀምሳል፣ ደንብ ነው። ጎረሰ፤ አልፈነዳም። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ጎረስኩ። ለካ ስኳር የተነሰነሰበት ለስላሳ ዳቦ ኖሯል!

ዞር ብል፣ ከኋላዬ አሉ የተባሉት ሁሉ ከሱቁ ፊት ካለው አጭር ግንብ ማዶ በደረታቸው ተጋድመዋል።

«እውነቱን ንገሩኝ! ከዚህ ሁሉ ሰው ለምን እኔ?» ብዬ ጮህኩ።

ዘሀራ አንገቷን ብቅ አደረገች። «ወላሂ እማማ፣ አውሮፕላኑ የመጣ ዕለት ሁላችን ስንሸሽ ከቤትዎ ያልወጡት እርስዎ ብቻ ነዎት። ቦምብ እርስዎን ይፈራል ብለን ነው።»