ሐኪም መራጩ ከማሉዲን

ሰው ሲታመም ከሕመሙ ቀጥሎ የሚመጣበት መዓት ሐኪም መራጭ ጎረቤት ነው። በየከተማው አንድ አለ። ቆቦ ላይ ቢጠፋ ሮቢት፣ ሮቢት ቢጠፋ ጎብዬ አታጡትም። መርፌ ጨብጦ አያውቅም፣ የመድኃኒት ስም አንብቦ አይጨርስም፤ ሆኖም የትኛው ዶክተር እንደሚያድን፣ የትኛው እንደሚገድል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ነው። ምክርና ቡጢ ለሰጪው ቀላል ነው የተባለውም እንዲህ ያለው ሰው ታይቶ መሆን አለበት።

የቆቦው ከማሉዲን ይባላል። ክቡር ከማሉዲን፤ የዶክተሮች ሁሉ የበላይ ተቆጣጣሪ፣ የራያ ቆላ ሕሙማን ጠበቃ። እንጀራው ግን ጀሪካን፣ ገመድና የባትሪ ድንጋይ መሸጥ ነው። ሱቁ አውቶቡስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ስለሆነች ወደ አላማጣም ይሂድ ወደ ወልድያ፣ ሳያየው የሚሳፈር ሰው የለም። ሚስቱ ዘኪያ የሰፋችለትን ቀይ ትራስ ወንበሩ ላይ አድርጎ በሩ ላይ ይሰየማል። ያችን ትራስ ልጆቹ እንኳ አይነኳትም። ፊቱን ያጨፈገገ ተሳፋሪ ካየ፣ “ወዴት ነው?” ይላል። ሰውየው ተሳስቶ ሊሄድበት ያሰበውን ሐኪም ከጠራለት አለቀለት።

“እሱንማ አውቀዋለሁ!”

ከዚህ ቃል በኋላ ደህና ነገር ተከትሎ አያውቅም። አላምረው የሚባል ገበሬ ጥርሱን ታሞ፣ ጉንጩ አብጦ፣ ጎብዬ ሊሄድ ሲል ያዘው። “እሱንማ አውቀዋለሁ፤ ግራኝ ነው። ግራኝ ጥርስ ሲነቅል ጎረቤቱን ጨምሮ ነው የሚያወጣው” አለና ወደ ዋጃ ላከው። ዋጃ ላይ ጥርስ የሚነቅለው ሰው አገሩን ለቆ ከሄደ ቆይቷል። አላምረው እያቃሰተ ሲመለስ የተሳፈረባት ባጃጅ ጉድጓድ ውስጥ ዘለለችና ጥርሱ በራሱ ጊዜ ወልቆ እጁ ላይ ወደቀ። “ይኸው! ዋጃ ሂድ አላልኩህም?” አለ ከማሉዲን፣ ምስጋናውን ሳያፍር ተቀብሎ።

ቆቦ በዚህ ይስቃል። ኢብሮን ግን አላሳቀውም።

ኢብሮ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሽንኩርት የሚያለማ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ሚስቱ ሳሊሀ የመጨረሻ ልጃቸውን ስትወልድ ደሟ ፈሶ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር። ሆስፒታሉ ሲያሰናብታቸው፣ ከእንግዲህ ካረገዘች እንደማትተርፍ በግልጽ ነግሯቸዋል። የወሊድ መከላከያ መርፌው የደም ግፊቷን ሰቀለው። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም አልተስማማትም፤ ደም እያስፈሰሰ አከሳት። ለሴት የሚደረገውን ቀዶ ጥገና ደግሞ አቅሟ አይችለውም ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሳሊሀ የምትተኛው ከልጆቿ ጋር መደብ ላይ ነው። ባልና ሚስቱ በአንድ ጣሪያ ሥር እየተፈራሩ ይኖራሉ።

መላውን የነገረችው የጤና ጣቢያዋ ነርስ የትናየት ናት። “ለምን አንተ አታሠራም? ዘር የሚያልፍባትን ቀጭን ቱቦ መዝጋት ብቻ ነው። ወንድነትህ እንዳለ ነው፤ በዚያው ቀን ቤትህ ትገባለህ። እኛ ጋ አይሠራም እንጂ አላማጣም፣ ወልድያም፣ ደሴም አለ። የሚቀናህን ምረጥ” አለችው። ኢብሮ የመስጊዱን ሸህ ለብቻቸው ጠየቀ። ሸሁም የሳሊሀን ነገር ሰምተው፣ “ነፍስ ማትረፍ ይቀድማል፤ ኒያህን፣ ሐሳብህን አሳምር” አሉት። ቁርጡን ያወቀ ሰው ሆኖ ተነሣ። የሚያስጨንቀው ወሬው ብቻ ነበር። በዚያ አገር የሚኮላሸው በሬ ነው፤ ይህና ያ የተለያየ መሆኑን ለከብት ገበያ ወንዶች ማን ያስረዳል? “ኢብሮ ሰንጋ ሆነ” ብለው እስኪሞት ድረስ መጠሪያ ያደርጉለታል። እናቱ እቴ ኡሙሃኒ ከሰሙማ እንባቸውን የሚያቆመው የለም።

ወልድያን መረጠና በማለዳ ወጣ። አንድ እግሩን አውቶቡሱ ላይ እንዳወጣ ያ ድምፅ መጣ።

“ኢብሮ! ወዴት ነው?”

“ወልድያ... ኩላሊቴን ትንሽ...”

“ለኩላሊት ወልድያ? እኔን ሳትጠይቅ?” ከማሉዲን ሱቁን ክፍት ጥሎ መጣ፤ ጋቢውን ጨምድዶ ጎትቶ አወረደው። “እሱንማ አውቀዋለሁ! ኩላሊትና ሐሞት የማይለይ ሰውዬ!” አውቶቡሱም ትቶት ሄደ።

ረፋድ ላይ የኢብሮን ኩላሊት ያልሰማ አልነበረም። የቆቦ ሰው ደግሞ ታመመ የተባለን ሰው ሳይጠይቅ አይውልም። አንዱ የገብስ ውሃ፣ አንዷ የተልባ ውሃ፣ ሌላዋ ስሙን የማታውቀውን የተቀቀለ ሥር ይዘው ጎረፉ። “አላህ አፊያ ያድርግህ” እያሉ ዙሪያውን ተቀመጡ። ኢብሮ ያንን ሁሉ ጤናውን ብርድ ልብስ ውስጥ ከቶ የመጣለትን ሁሉ ጠጣ። እምቢ ቢል ምን ይላል? ሳሊሀ ጽዋውን ስታቀብለው የሻሿን ጫፍ ነክሳ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየለትም። ሲመሽ ሆዱ ተነፍቶ ጤነኛው ኩላሊቱ በእርግጥ ያመው ጀመር።

እንግዳው ሁሉ ሲወጣ ከማሉዲን አልወጣም። ስለ ኩላሊት ሐኪሞች ገና አልጨረሰም። ኢብሮ ትዕግሥቱ አለቀና አፈረጠው።

“አያ ከማሉ፣ ኩላሊቴ ደህና ነው” አለና እውነቱን ከነሳሊሀ ነገር ነገረው። “ይህ ነገር ካንተ አፍ ከወጣ ቆቦ ላይ አልኖርም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ታውቃለህ።”

ከማሉዲን ጢሙን ያዘ። ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ኢብሮም የገባው መሰለውና ተስፋ አደረገ። ቀና ሲል ግን፣ “አብሽር፣ አይዞህ!” አለ፤ “እንዲህ ላለው ነገርማ ሐኪሙ ተመርጦ ነው!”

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኢብሮ ጉዳይ የከማሉዲን ሥራ ሆነ። ስለ አላማጣው ሐኪም አጠያየቀ፤ “እሱንማ አውቀዋለሁ፤ ሰው ቆርጦ ሳይጨርስ ስልክ ያነሣል።” ስለ ወልድያዋ አጠያየቀ፤ “እሷንማ አውቃታለሁ፤ ሴት ናት፣ ታፍራለህ።” ደሴ ብርድ ነው፣ ብርድ ቁስል ያመረቅዛል። መቀሌስ ባለሙያ ነበር፤ መንገዱ ግን ረጅም ነው፣ ሲመለስ ስፌቱ ማይጨው ላይ ይፈታል። ሰውዬው ከሐኪም ቤቱ አልጋ ጀምሮ የማያወጣው እንከን የለም። ይህ ሁሉ ሳያንስ የአውቶቡስ ረዳቶችንና የአይሱዙ ሹፌሮችን ሱቁ በር ላይ እያቆመ ያጠያይቅ ነበር። “ለአንድ ሰው ነው። ሽንኩርት ያለማል” ይላቸዋል። ኢብሮ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። “ስምህን ጠራሁ? አልጠራሁም!” አሉ ክቡርነታቸው፣ ተቀይመው።

በዚህ መሃል ሽንኩርቱ ተተክሎ፣ ታርሞ፣ ተነቅሎ ተሸጠ። ሐኪሙ ግን አልተመረጠም። እውነቱን ለመናገር ኢብሮም በልቡ ፈርቶ ነበር፤ የፈራ ሰው ደግሞ “ቆይ” የሚለውን ይሰማል። ባልና ሚስት ናቸውና አንድ ቀን ጥንቃቄያቸውን ሰበሩት። ከዚያ የሳሊሀ የወር አበባ ሊመጣ በሚገባው ጊዜ ሳይመጣ ቀረ።

ሳሊሀ አላለቀሰችም። ትልቋን ልጇን ጀዊሪያን እየጠራች ነገር ታስረዳት ጀመር። ትንሹ ገንፎ የሚበላው ሲበርድለት እንደሆነ፣ ሌሊት ሲያስለው ጀርባውን በምን እንደምታሽለት፣ የዒድ ልብሳቸው የቱ ሣጥን ውስጥ እንዳለ ትነግራታለች።

“ይህን ለምን ትነግሪያታለሽ?” አላት ኢብሮ።

“ትወቀው፤ ትልቅ እኮ ናት” አለችው፣ ቀና ብላ ሳታየው።

ኢብሮ ውጭ ወጥቶ የባዶ ጆንያ ክምር ላይ ተቀመጠ። ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት ሳሊሀ ከጓሮ ተመልሳ፣ “መጣ። አልሃምዱሊላህ፣ መጣ” ብላ ግድግዳ ተደግፋ ስታለቅስ ኢብሮ አብሯት ሊያለቅስ አልቻለም። በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደ።

“አያ ከማሉ!” አለ ከመንገዱ ማዶ ጀምሮ። “አንተ እዚህ ትራስ ላይ ተቀምጠህ ሐኪም ስታማርጥ ሳሊሀ ልጆቿን እየተሰናበተች ነበር! ስልክ ያነሣል! ያንሣዋ! ሴት ናት! ትሁና! ያንተ ምላስ ከስንቱ ሐኪም ቢላ ይብሳል!”

“የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ኢብሮ...”

“አፍህን ዝጋ!” አለና ጀሪካኖቹን በእርግጫ መታቸው። ቢጫ ጀሪካን በአስፋልቱ ላይ ተንከባለለ፤ የመጣ አይሱዙ ክላክሱን እያንባረቀ ቆመ። ከማሉዲን ከወንበሩ አልተነሣም። ኢብሮም በቂ ነው ብሎ አላሰበም፤ የስድብ ቃል አልቆበት ነው የተመለሰው።

በማግስቱ ማለዳ ኢብሮ የወልድያው አውቶቡስ ውስጥ ሲገባ፣ ከማሉዲን ዛሬውኑ እንደሚሄድ ገምቶ፣ ቀይ ትራሱን ታቅፎ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል።

“ውረድ!” አለው ኢብሮ።

“አልወርድም። ሰው ሐኪም ቤት ብቻውን አይሄድም” አለ ከማሉዲን፣ መስኮቱን እያየ። ይህንንማ ኢብሮም ሊክደው አይችልም፤ አስታማሚ የሌለው ሕመምተኛ በአገሩ ሰው የሌለው ሰው ነው። ጥርሱን ነክሶ መጨረሻው ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

የወልድያው ክሊኒክ ንጹሕ ነበር፣ ሐኪሟም እንደተባለው ሴት ነበረች። ስልክ አላነሣችም። ኢብሮ ማፈሩ አልቀረም፤ ማደንዘዣው ቆንጠጥ አደረገው፣ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ “ጨርሰናል” አለችው። ያን ሁሉ ጊዜ የተቃጠለበት ነገር ይህችው ነበረች! ንዴቱ እንደ አዲስ ተነሣበት። “ለጊዜው ከባድ አታንሣ። ደግሞም ዘሩ ገና አልጠራም፤ ሦስት ወር ተጠንቀቁና ለምርመራ ተመለስ” ብላ ሸኘችው። ውጭ አግዳሚው ላይ ከማሉዲን አመድ መስሎ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ የሙስበሃውን ዶቃ ይቆጥራል። ነርሷ ውሃ ያመጣችው ለታካሚው ሳይሆን ለእሱ ነበር።

ሲመለሱ ያችን ማንም የማይነካትን ትራስ የኢብሮ መቀመጫ ላይ አነጠፋት። አውቶቡሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር፣ “ሹፌር! ከሰል ነው የጫንከው?” እያለ ይጮኻል። ኢብሮ ትራሷ ላይ ተቀመጠ፤ ቂሙን ግን በትራስ አልለወጠም።

ቆቦ እንደተለመደው ቤቱን ሞልታ ጠበቀችው። የገብስ ውሃውም፣ የተልባ ውሃውም መጣ። ኢብሮ ጋደም እንዳለ እናቱ እቴ ኡሙሃኒ ከሰዉ መሃል ወደ ከማሉዲን ዞሩ።

“ከማሉ፣ አንተ አብረኸው ነበርክ። ልጄን ምኑን ነው የሠሩት?”

ሰው ሁሉ ወደ ከማሉዲን ዞረ። ከማሉዲን በዕድሜው እንዲህ ያለ ጆሮ የሰጠው ጉባኤ አግኝቶ አያውቅም። ሳሊሀ ጽዋ እንደያዘች ቆመች። ኢብሮ ዓይኑን ጨፈነ።

“አላውቅም” አለ ከማሉዲን።

“እንዴ!” አለ ጥርሱን በባጃጅ ያስነቀለው አላምረው። “ሐኪሙስ? ማን ነው የሠራው?”

“አላውቅም።”

“አንተ? ቆቦ ላይ አንተ የማታውቀው ሐኪም አለ?”

“አላውቅም አልኩ እኮ!” አለና ከሳሊሀ እጅ ጽዋውን ተቀብሎ ያንን የተልባ ውሃ እስከ አተላው ጨለጠው።

ሰዉ ሳቀበት። አብሮት ሄዶ፣ አብሮት ውሎ፣ የታመመውን እንኳ ሳያውቅ ተመለሰ ተብሎ በከተማው ተወራ። ዶክተርነቱ በዚያው አበቃ። ሕመምተኛው ሁሉ ሱቁን እያለፈ ዝም ብሎ ይሳፈር ጀመር። “ወዴት ነው?” ሲል፣ “ምን ያደርግልሃል? አታውቀው!” ይሉታል። እሱም ጀሪካኖቹን ይደረድራል፣ መልሶ ያፈርሳል። ኢብሮ ስንት ጊዜ የተመኘው ነገር ነበር፤ ሲደርስ ግን ደስ አላለውም። በዚያ በር ላይ ማለፍ አስጠላው።

ሦስቱ ወር ሲያልፍ ኢብሮ ወልድያ ተመርምሮ፣ “ከእንግዲህ አትፍራ” ተብሎ መጣ። የዚያን ዕለት ሳሊሀ ትራሷን ከልጆቿ መደብ አነሣች። ማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ኢብሮ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው እስኪበዛ ጠበቀ። ከዚያ እንደ ብረት የጠነከረ ጥርሱን በመዳፉ ደግፎ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ሱቁ በር ላይ ቆመና ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ ጮኸ።

“አያ ከማሉ! ጥርሴ ገደለኝ! ጎብዬ ልሄድ ነበር፤ ግን አንተን ሳልጠይቅ አልሳፈርም ብዬ ነው።”

ከማሉዲን ቀና ብሎ አየው። የኢብሮን ጉንጭ አየ፤ እብጠት የለበትም። ዙሪያውን የቆመውን ሰው አየ። ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሣ፣ ቀይዋን ትራስ አራገፈና ለኢብሮ ዘረጋለት።

“ተቀመጥ” አለው፤ ድምፁ ትንሽ ተሰበረ፣ ከዚያ ተቃና። “ጎብዬ? ያ ግራኙ? እሱንማ አውቀዋለሁ!”

ኢብሮም ትራሷ ላይ ተቀመጠና አውቶቡሱ እስኪያመልጠው አዳመጠው።