ለሙከራ የተተከለ ድንኳን

ሩቅ አገር ለመሄድ ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማድረግ ያለበት አፉን መያዝ ነው። ስንቁም፣ በቅሎውም፣ ካፖርቱም ኋላ ይደርሳል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ ሰው ብቻ፣ «ወደ ሰሜን ተራራ ልወጣ ነው» ካላችሁ ግን ጉዞው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእናንተ አይደለም። ብርድ መትቶት የማያውቀው ስለ ብርዱ ይነግራችኋል፤ ከአዘዞ ወዲያ ተሻግሮ የማያውቀው ስለ ገደሉ ያስጠነቅቃችኋል፤ በቅሎ ኖሮት የማያውቀው ስለ በቅሎ አመል ያስተምራችኋል። እናንተም ሰው ናችሁና ትሰማላችሁ። የሰማ ሰው ደግሞ ቶሎ አይሄድም።

እኔም ሰምቼ ነበር።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ጎንደር፣ አራዳ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ጸሐፊ ነበርሁ፤ ወረቀት መገልበጥ፣ ማኅተም መምታት፣ ባለጉዳይን «ነገ ተመለስ» ማለት ሥራዬ ነው። ባለቤቴ ታንጉት የጃናሞራ ልጅ ናት፤ አገሯ ከመካነ ብርሃን አለፍ ብሎ ነው። እኔ ግን ያገባኋት ጎንደር አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ሳለ ስለሆነ አገሯን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። አንድ ቀን የበግ ነጋዴ የሆነ ያገሯ ሰው ደጃችን ላይ ቆሞ፣ «እናትሽ ወይዘሮ ትዋብ አልጋ ከያዘች ሰንብታለች። ዓይንሽን ማየት ትሻለች» ብሎ መልእክቱን አደረሰ። ታንጉት ሰውየውን ሸኝታ ስትመለስ፣ «ነገ እንነሣ» አለችኝ።

ነገ። ወደ ሰሜን ተራራ። እንዲህ ያለውን ነገር ያለ አማካሪ የሚወስን ሰው የመሥሪያ ቤት ሰው አይደለም።

አቶ ፈለቀ የሚባል ባልደረባ ነበረኝ። አንድ ጊዜ ዋልያ ሊያዩ የመጡ ፈረንጆችን በአስተርጓሚነት ተከትሎ ሰሜን ወጥቶ ነበርና ከዚያ ወዲህ በመሥሪያ ቤታችን የብርድ ሊቅ እሱ ነው። ሐሳቤን ብነግረው ብዕሩን አስቀመጠና ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«ድንኳን አለህ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ልትሞት ነው የምትሄደው?»

እንዲህ ተጀመረ። ድንኳን ሳፈላልግ፣ ድንኳን ያለ ወፍራም ምንጣፍ ዋጋ እንደሌለው ሰማሁ። ምንጣፉ ሲገኝ ፋኖስ ቀረ፤ ፋኖሱ ሲገኝ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ሆነና የሱ ለውጥ እስኪመጣ ተቀመጥን። ስንቁም ቢሆን ተራ ስንቅ አልነበረም። ቤታችን በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣና ድርቆሽ ሞልቶት ዘመቻ የምንወጣ እንጂ በሽተኛ የምንጠይቅ አንመስልም ነበር። ታንጉት ሁሉንም እያዘጋጀች ማታ ማታ «መቼ ነው?» ትለኛለች፤ እኔም «ይቺን ብቻ» እላታለሁ። አንድ ቀን መረር ስትልብኝ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብዬ ተረትሁባት። እሷም ሽሮዋን እየነፋች፣ ቀና ሳትል፣ «ሲታጠቁ የዋሉትም ሳይሮጡ ይመሻል» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ጠይቃኝ አታውቅም። መጠየቅ ያቆመች ሚስት ከምትጠይቅ ሚስት ትከፋለች፤ ያገባችሁ ታውቁታላችሁ።

በመጨረሻ ድንኳኑ ተገኘ። ጣሊያን ሲሸሽ ጥሎት የሄደ ነው፤ አንድ ባለ ጋራዥ የማኪና ዕቃ ሲሸፍንበት ኖሮ አዋሰኝ። አቶ ፈለቀ ታዲያ፣ «አደራ፣ ሳትሞክረው ይዘኸው እንዳትወጣ። ተራራ ላይ ቀዳዳ ብታገኝ ማን ይሰፋልሃል?» አለኝ። ነገሩ እውነት ነው። ቅዳሜ ታንጉት ለእናቷ ስኳርና ሻይ ቅጠል ልትገዛ ገበያ ስትወርድ፣ ካስማውን ቀጥቅጬ፣ ገመዱን ወጥሬ ድንኳኑን ግቢዬ ውስጥ ተከልሁት። አንድ ቀዳዳ አልነበረውም። ውስጡ ገብቼ ተቀመጥሁና ደስ አለኝ።

በእኛ አገር ድንኳን የሚተከለው ሹም ሲሰፍር፣ ሙሽራ ሲገባ ወይም ሰው ሲሞት ነው። እኔ ሹም አይደለሁም፤ በቤቴ የሚዳር ልጅ የለም፤ አማቴ መታመማቸውን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጎረቤታችን ወይዘሮ በላይነሽ በአጥር ላይ አሻግረው ያዩትን ለመደመር ፊደል መቁጠር አላስፈለጋቸውም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እንባቸው እየወረደ ገቡ።

«ምነው ልጄ፣ ሳትነግረን?» አሉኝ።

«እሜቴ፣ ማንም አልሞተም» አልኋቸው።

«አውቃለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሷ እስክትረዳ እንዲያ ማለቱ ነው የሚሻለው። ሸጋ ሰው ነህ።»

መርዶ እንደሆነ በአገራችን በድንገት አይነገርም። ሽማግሌዎች ማልደው መጥተው እስኪያረዱ ድረስ ያወቀው ሁሉ ላላወቀው «ደህና ናቸው» እያለ ይዋሻል፤ ይህ ውሸት ጨዋነት ነው። ስለዚህ እኔ «አልሞቱም» ባልሁ ቁጥር የአማቴን ሞት እያጸናሁት ሄድሁ። ጎረቤቱ እየተጠራራ መጣ። ድንኳኑም ሞላ። በደንብ ይችላል፤ ሰፊ ነበር።

ታንጉት ከገበያ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። ድንኳኑን አየች። ለቀስተኛውን አየች። ዘንቢሏ ከእጇ ወደቀ። ሴቶቹ ደግፈው አስቀመጧት፤ አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት እኔን አስጠራችኝ።

«እውነቱን ንገረኝ» አለችኝ።

«እውነቱ አልሞቱም ነው።»

«ድንኳኑስ?»

«ልሞክረው ብዬ ነው።»

«ድንኳን የሚሞክር ሰው ማን ነው?» አለችና ፊቷን አዞረች። ለቀስተኛው አንገቱን ደፋ። በዚያ ሰዓት እኔን እንኳ ጥርጣሬ ገባኝ፤ ይህ ሁሉ ሰው ተሳስቶ እኔ ብቻ እንዴት ልክ እሆናለሁ?

በማግሥቱ ማለዳ ታንጉት አንድ አቁማዳ በሶ አንጠልጥላ ወጣች። «ሬሳዋን ባላገኝ መቃብሯን አያለሁ» አለች። ተከተልኋት እንጂ ምን አደርጋለሁ። ድንኳኑን ልንቀል ብል ለቀስተኛ ተቀምጦበታል፤ ከሐዘን ቤት ሰው ማስነሣት ደግሞ ነውር ነው። ቋንጣውም፣ ዳቦ ቆሎውም፣ ፋኖሱም ለእነሱ ቀረ። ያን ያህል የተሰናዳሁለትን ጉዞ በመሥሪያ ቤት ጫማና በአንድ ጋቢ ተነሣሁበት።

እስከ ደባርቅ በጭነት ማኪና ሄድን። ከዚያ ወዲያ እግር ነው። በቅሎ ልከራይ ብል ታንጉት የምትጠብቀኝ አልሆነችም። ደገኛ ናትና ዳገቱን እንደ ደረጃ ትወጣዋለች፤ እኔ ከኋላ የአስታውን ቅርንጫፍ እየተደገፍሁ፣ በየጅባራው ሥር እያረፍሁ እከተላለሁ። ብርዱን በተመለከተ አቶ ፈለቀ አልዋሸም፤ ሰዎቹን ግን ጨርሶ አልነገረኝም። ሲመሽብን ባገኘነው ደጃፍ ቆመን «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነን» ስንል፣ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» ይሉናል። እግራችንን አጥበው፣ እሳቱ አጠገብ አስቀምጠው፣ የገብስ እንጀራቸውን ያበሉናል። አንድ ቀን ያሳደሩንን ሽማግሌ ስለ ድንኳን ባጫውታቸው፣ «ቤት እያለ ደጅ የሚያድር እንግዳ፣ ምን በድለነው ነው?» አሉኝ።

ወደ አገሯ ስንቃረብ ከገበያ የሚመለስ አንድ ጎልማሳ አገኘን። ቀድሜ ጠየቅሁት። «ወይዘሮ ትዋብ? ባለፈው ገበያ ባቄላ ስትሸጥ አይቻታለሁ፤ ደህና ናት» አለ። ደስ ብሎኝ ወደ ታንጉት ዞርሁ። እሷ ግን ነጠላዋን ይበልጥ አዘቀዘቀችና፣ «አየህ፣ እሱም ደበቀኝ» አለች።

መንደሩ ቁልቁል ሲታየን እሷ ሮጠች። የኔ እግር ውኃ ቋጥሮ ስለነበር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅሁ። ወዲያው ከታች እዬዬ ተሰማ። ለቅሶው ሲበረታ፣ ሰው ከየቤቱ ሲሮጥ አየሁ። ለካ ጎረቤቶቼ ልክ ነበሩ፣ እኔ ብቻ ነበርሁ የተሳሳትሁት። ሴትዮዋን የማውቃቸው በሠርጋችን ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ «ይህ የወረቀት ሰው ነፋስ አይወስደውም?» ማለታቸውን ሰው ነግሮኛል። ቢሆንም የሚስቴ እናት ናቸው። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ «እሜቴ፣ እሜቴ» እያልሁ ከልቤ እያለቀስሁ ወረድሁ።

ግቢው ሰው ሞልቶታል። መሐል ላይ አንዲት አሮጊት ደረታቸውን እየደቁ ሙሾ ያወርዳሉ፦

ብዕሩ ሰይፍ ነበር፣ ቃሉ የታመነ፣
ሎጋው በሪሁኔ ምነው አፈር ሆነ።

በሪሁን እኔ ነኝ።

ሎጋ አይደለሁም፤ ቁመቴን የሚያውቅ ይመሰክራል። ስሙ ግን የኔ ነው፤ የሚያለቅሱትም አማቴ ናቸው። ነገሩ ኋላ ነው የተገለጠልን። ታንጉት እናቷን በቁማቸው ስታይ ቃል አጥታ እግራቸው ሥር ወድቃ ታለቅሳለች፤ እሳቸው ደግሞ ልጃቸውን ነጠላ አዘቅዝቃ፣ ያለ ባሏ፣ ብቻዋን ሲያዩ ሌላ ምን ይበሉ? እኔ እሳቸውን እያለቀስሁ ገባሁ፤ እሳቸው እኔን እያለቀሱ ቀና አሉ። ፊት ለፊት ተያየን።

አንድ ሽማግሌ ከጥግ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እንግዲህ ሰው ከተሰበሰበ አይቀር፣ የሞተው ማን እንደሆነ ይነገረን» አሉ።

ማንም አልሞተም። ወይዘሮ ትዋብ ያደረባቸው ምች ነበር፤ የበግ ነጋዴው ገና ጎንደር ሳይደርስ ድነው ኖሯል። ታንጉት ያን ቀን ከእናቷ ጉልበት አልተነሣችም፤ እየሳቀች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትስቃለች። እኔም ካገባኋት ጀምሮ እንዲያ ስትሆን አይቻት ስለማላውቅ ራቅ ብዬ ተቀምጬ ሳያት ዋልሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ «በል እንግዲህ፣ እግርህን አምጣ፣ ልጠብህ» አለችኝ። እንዲህ ታረቅን።

ሰንብተን ልንመለስ ስንል ግን አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ አለኝ። ሰው ስለ ራሱ እንዲህ ያለ መልካም ነገር በጆሮው ሰምቶ የሚያልፍበት ዕድል ስንት ጊዜ ይገጥመዋል? ደግሞም ከግጥሙ የሰማሁት ጫፉን ብቻ ነው። እንደምንም ደፈርሁና አማቴን፣ «ያን ዕለት ስለኔ ያሉትን እስቲ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አልኋቸው።

ወይዘሮ ትዋብ ገብሳቸውን እያበጠሩ ነበር፤ ሰፌዱን አላቆሙም።

«በሞት ይቅደሙኝና እደግመዋለሁ» አሉኝ።