የአያ ናይደን ጨው

መንግሥት የሌለበት አገር ይገኝ ይሆናል፤ ከመንግሥት የበለጠ አዋቂ የሌለበት መንደር ግን የለም። በስትራንጃ ተራሮች ሥር ባለችው በዚያች የቡልጋሪያ መንደር ይህን ሥልጣን የያዙት፣ ማንም ሳይሾማቸው፣ የከብት ጉዳይ ሚኒስትር ክቡር አያ ናይደን ነበሩ።

ላም ብታስል፣ ብታምጥ፣ ሣር ብትጠላ እሳቸው ይደርሳሉ። በዚያ አገር የታመመች ላም እንደ ሰው ትጠየቃለች፤ ጠያቂውም መዳፉ ላይ ጨው አድርጎ ያስልሳታል። አያ ናይደን ኪሳቸው ከጨው ተለይቶ አያውቅም። ካስላሱ በኋላ መንጋጋዋን ፈልቅቀው ምላሷን ያያሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያስባሉ፣ ከዚያ ይፈርዳሉ፦ «ምንም አልሆነችም። ሐኪም ምን ያውቃል!»

አንድ ጸደይ የከብትን አፍና ሰኮና የሚያቆስለው አፍተግር ድንበር ተሻገረ ተባለ። የመንግሥት የከብት ሐኪም ዶክተር ዝላቴቫ መጥታ አደባባዩ ላይ ቆመች።

«ከብት ከበረት አይውጣ፤ ሰውም የሰው በረት አይግባ። በሽታው በልብስም በእጅም ይሄዳል።»

«ልጄ፣» አሏት አያ ናይደን፣ «አንቺ ሳትወለጂ ስንቷን ላም አዋልጃለሁ! በሽታ ደግሞ እግር አለው እንዴ?»

«የእርስዎ እግር ይበቃዋል፣ አያ ናይደን።»

መንደሩ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። በማግስቱ ግን የጎረቤት ላም ለሃጯን ታዝረበርባለች ሲባል ሰሙ። ታዲያ ሳይጠይቋት ሊቀሩ ነው? በጓሮ ዞረው ገቡ፣ ጨው አስላሱ፣ ምላስ አዩ። «አዲሱ ሣር ነው ያቃጠላት» ብለው ፈረዱ። ከዚያው መበለቷ ራዳ ዘንድ ጎራ አሉ። የራዳ መተዳደሪያ የአንዲት ላሟ የሻርካ ወተት ነበር። ሻርካ ደህና ነበረች። «ለጥንቃቄ ነው» አሉና በዚያው መዳፍ ጨው አቀረቡላት።

ብዙም ሳይቆይ ሻርካ አፏ ቆስሎ መብላት አቃታት። ነጭ ቱታ የለበሱ ሰዎች መጡ፤ የታመመችም አብራት የዋለችም ትገደላለች፣ ሕጉ እንዲያ ነው።

«እዚህ በረት ማን ገብቶ ነበር?» አለች ዶክተሯ።

ራዳ ከአጥሩ ማዶ የቆሙትን አያ ናይደንን አየቻቸው። «ማንም» አለች።

ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። ዝም ቢሉ የሌላውም ሰው ከብት ሊያልቅ ነው።

«እኔ ገብቻለሁ» አሉ።

«ሌላስ የት ገብተዋል?»

«ያልገባሁበትን ብነግርሽ ይቀላል።»

ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ወዲያ አያ ናይደን ቤታቸውን ዘጉ። ላም ስታምጥ እየሰሙ አልወጡም። ደፍሮ የወቀሳቸውም የለም፤ እሱ ነበር የባሰው። መንደሩም ቢሆን፣ አፍሮ አይናገረውም እንጂ፣ ያለ እሳቸው ጉራ ጭር አለበት።

እገዳው ሲነሣ ራዳ በራቸውን ደበደበች። «አያ ናይደን! በተገደለችው በሻርካ ፋንታ ከመንግሥት ጊደር ምረጪ ተብያለሁ። ይምጡ እንጂ!»

«ዶክተሯን ጠይቂ።»

«ጠየቅኋት። ‹አያ ናይደንን ይዘሽ ሂጂ› አለችኝ።»

በሩ ብዙ ቆይቶ ተከፈተ። አያ ናይደን ኮታቸውን ለብሰው ወጡ፤ ቀና ብለው ግን ሊያዩዋት አልቻሉም።

«ብቻ፣» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ፣ «ጊደሯን እኔ ከሩቅ ነው የማያት።»